ወደ ታች የወረደው የግራና ስንዴ

መርሳ ገበያ ገብታችሁ «ዙልፋ የምትባል ልጅ የት አለች» ብትሉ ሰው ዝም ብሎ ያያችኋል። «ዜሮስ?» ካላችሁ ግን ከሽንኩርት ተራ እስከ ጨው ተራ ያለው ሁሉ በአገጩ ያሳያችኋል። «ያቻት፣ ያቺ ጥቁር ሒጃብ ያደረገችው።» ስሙን ያወጣችላት ከመርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ከተማ አንዲት ሴት ናት። ስታወጣላት ደግሞ ለጨዋታ አይደለም፣ ለእርግማን ነው። እርግማኑ ከምን እንደመጣ ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም፤ ከሥሩ ነው የሚነገረው።

ዙልፋ የመርሳ ልጅ ናት። አባቷ ብርቱካንና ፓፓያ እየሰበሰበ ለመኪና የሚሸጥ ነበር። ትምህርቱን አሥረኛ ላይ ጥላው ወልዲያ አክስቷ ዘንድ ሄደችና አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ኤክሴል የሚባለውን ነገር እዚያ ነው የያዘችው፤ ያዘችውም ስንል እንደ ጉንፋን ነው፣ አልለቀቃትም።

ኤክሴል እንግዲህ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሳጥን በሳጥን የሆነ ሰሌዳ ነው። ከሳጥኖቹ አንዷ አረንጓዴ ጠርዝ ይኖራታል፤ ከርሰሩ ያለው እሷ ጋ ነው፣ የምትጽፉት እሷ ውስጥ ይገባል። ጽፋችሁ ኢንተር የምትባለውን ቁልፍ ስትመቱ ጠርዙ ዘሎ ሌላ ሳጥን ላይ ያርፋል። ወዴት ነው የሚዘለው? ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ወደ ታች ነው የሚዘለው። ሆዱ ውስጥ ገብታችሁ፣ ኦፕሽን የሚለውን ከፍታችሁ፣ «ወደ ቀኝ ዝለል» ካላችሁት ግን ወደ ቀኝ ይዘላል። ደግሞ አንድ ሌላ ብልሃት አለው። የምትሞሉትን ሳጥን ሁሉ አስቀድማችሁ በማውዝ ከቀባችሁት እንደ አጥር ይሆናል፤ ከርሰሩ ከአጥሩ አይወጣም። ወደ ቀኝ ሄዶ ሄዶ አጥሩን ሲነካ ራሱ ወደ ቀጣዩ መስመር ይገባል። ዙልፋ አጥሯን ቀብታ፣ ኢንተሯን ወደ ቀኝ አድርጋ፣ ቀኝ እጇን ቁጥሮቹ ላይ አሳርፋ ስትጽፍ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። እያወራች ትጽፋለች፣ ሻይ እየጠጣች ትጽፋለች። «ጣቴ ያያል» ትል ነበር። ትንሽ ትኮራለች፣ እውነቱን መናገር ነው።

ጦርነቱ ወደ ወልዲያ ሲቀርብ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘጋ። ዙልፋ ከሰዉ ጋር በእግሯ መርሳ ገባች፣ መርሳም ቢሆን አልተረፈችም። ወራቱ እንዴት እንዳለፉ ያየ ያውቀዋል። ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ሲለቅ የቀረው ግድግዳና ጣሪያ ነው፣ ጣሪያውም በጥይት ወንፊት ሆኗል። መብራት የለም። አባቷ የሚጭነው ብርቱካን የለም፣ የሚጭንበት መኪናም የለም።

ጥር ላይ አንድ ርዳታ ድርጅት መጣና ባዶ የተዘረፈ የፍራፍሬ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፗ ኋላ ደግሞ ደጀን። ደጀን የወልዲያ ልጅ ነው፣ ዲግሪ አለው፣ ቆላ ወርዶም ጃኬቱን አያወልቅም። ስንዴ የሚታደለው በቤተሰብ ብዛት ነው፤ ብዛቱን ላፕቶፑ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያስፈልግ ነበርና ዙልፋን ቀጠራት። ወረቀቱን የሚያነብላት ደግሞ ጋሽ ኑርሁሴን ሆኑ። ጋሽ ኑርሁሴን በደጉ ጊዜ መንዙማ አውጪ ነበሩ። የቁጥር ወረቀት እንኳ ሲያነቡ ዜማ አይለቃቸውም። የቤተሰቡን ብዛት «ን» እየቀጠሉ ከፍ አድርገው፣ የሕፃናቱን ብዛት ዝቅ አድርገው ያወርዱታል። «ሰባትን፣ ሁለት! ዘጠኝን፣ ሦስት!» እየተባለ ነው መጋዘኑ የሚውለው። ስሙን ደጀን ቀድሞ ጽፎታል። ዙልፋ ከየስሙ ጎን ሁለት ሁለት ቁጥር ትሞላለች፣ በቃ ሥራዋ ይኸው ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከደጀን ጋር ዓይንና ናጫ ሆኑ። ምክንያቱ ኢንተር ነው።

ደጀን ማታ ማታ የየቀበሌውን ድምር ለአለቆቹ ይሠራል። ድምር ወደ ታች ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ ኢንተሩን ወደ ታች ያደርገዋል። ጠዋት ዙልፋ ትመጣና ወደ ቀኝ ትመልሰዋለች። ማታ ወደ ታች። ጠዋት ወደ ቀኝ። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሳይሰድብ አይነካውም።

«ማን ነካው ደሞ?»

«እኔ ነኝ። ቦታው መለስኩት» ይላል ደጀን። «ሰው ሲጽፍ ወደ ታች ነው የሚወርደው።»

«አንተ ውረድ። የሰው ስምና ቤተሰቡ ጎን ለጎን ነው ያለው።»

«ፎቶ ኮፒ ቤት ይኸን ነው ያስተማሩሽ?»

«አንተንስ ያን ሁሉ ዓመት መውረድ ብቻ ነው ያስተማሩህ?»

ጋሽ ኑርሁሴን ወረቀታቸውን ይዘው ጣሪያውን ያያሉ።

«ታብ አለልሽ አይደል እንዴ» ይላታል ደጀን። «ታብ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። እኔ ኢንተሩን ብነካ ባልነካ ምን አገባሽ? ታቡን ምቺና ተገላገይ።»

እዚህ ላይ ደጀን ልክ ነበር፣ ጠላት ቢሆንም ልክ ነበር። ታብ የምትባለው ቁልፍ ለኢንተር የተነገረውን ነገር አትሰማም፣ አጥር ውስጥም ቢሆን ወደ ቀኝ ነው። ግን ታብ ያለችው በስተግራ ጥግ ነው። ቀኟ ከቁጥሮቹ ከተነሳ ቦታው ይጠፋዋል፣ ስለዚህ ታብን የሚመታው ግራ እጅ ነው። ዙልፋ ደግሞ ይኸን አልወደደችም።

«የሰው እህል በግራ እጄ አልሰጥም» አለችው።

«እህል ማን ሰጠሽ? ቁጥር ነው።»

«ለነሱ ያው ነው።»

«አቤት ጨዋነት» አለና ሳቀባት። ያቺን ሳቅ ቆጥራ አስቀመጠቻት።

ሁለተኛው ጠባቸው ስክሪኑ ነው። ላፕቶፑ የሚሞላው ናፍጣ ሲገኝ ብቻ፣ መስጊድ ያለው ጄኔሬተር ላይ ነው። ደጀን ባትሪው ለማታ ሪፖርቱ እንዲተርፍለት ስክሪኑ እስከ መጨረሻው እንዲደበዝዝ አዘዘ። ደብዛዛው አይበቃ ይመስል በጣሪያው የጥይት ቀዳዳ ፀሐዩ ገብቶ ቁጢጥ የሚለው ስክሪኑ ላይ ነው። ይኸ ዙልፋን አስቸገራት ብላችሁ አታስቡ። እንዲያውም ተኩራራችበት። «እኔ በጆሮዬ ነው የምጽፈው» አለች። ብቻ በየጠዋቱ አንዴ ባዶ ሳጥን ላይ ኢንተርን ትመታና አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ወዴት እንደዘለለ ታያለች። ታች ከሆነ ትመልሰዋለች፣ ደጀንን ትሰድባለች፣ ሥራ ትጀምራለች።

ጋሽ ኑርሁሴን አንድ ቀን ሰለቻቸው። ሁለቱንም ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው።

«ይኸ አገር ያየው አልበቃ ብሎ በአንዲት ቁልፍ ትቧቀሳላችሁ? አላህን አታፍሩም? ደጀን፣ አንተስ እግዜርህን? ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«ለማታ ብቻ ወደ ታች እፈልገዋለሁ» አለ ደጀን።

«ስትጨርስ መልሰው።»

«እመልሳለሁ።»

«አንቺስ?»

«ከመለሰው ምን ቸገረኝ። አልሰድበውም።»

እጅ ለእጅ አጨባበጧቸውና ዱዓ አደረጉ። እንግዲህ ልብ በሉ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ገብቶ ቃል ከተቀባበላችሁ በኋላ የዚያን ሰው ቃል በማግስቱ መፈተሽ የሽማግሌውን ፂም መንጨት ነው። አታምነኝም ነበር ወይ ነው የሚሏችሁ።

በማግስቱ የግራና ወረቀት ተራ ሆነ። ዙልፋ ተቀመጠች፣ አጥሯን ቀባች፣ ያቺን የየጠዋት ኢንተሯን ልትመታ ጣቷን አነሳች። ጋሽ ኑርሁሴን ከመነጽራቸው በላይ ያዩዋታል።

ጣቷን መለሰችው። አልፈተሸችም።

«ቢስሚላህ» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። «ሰባትን፣ ሁለት! ዘጠኝን፣ ሦስት! አንድን፣ ዜሮ!»

ዙልፋም አወረደችው፣ በእውነትም አወረደችው። ደጀን ማታ ሪፖርቱን ጨርሶ ኢንተሩን ሳይመልስ ነበር የተኛው። ጎን ለጎን መቀመጥ የነበረበት ቁጥር ሁሉ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ በአንዱ ጭንቅላት ላይ ተደረደረ። የመጀመሪያውን ዓምድ ሲሞላው አጥሩ አለና ከርሰሩ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ራስ ወጣ፣ እሱንም ሞላው። አንድ ቁጥር አልተረፈ፣ አንዲት ሳጥን ባዶ አልቀረች። ጋሽ ኑርሁሴን «አለቀ» ሲሉ አጥሩም ሞልቶ አለቀ። ምን ያጠራጥራል? ጋሽ ኑርሁሴን ያነበቡት ወረቀት በዚያው ቀን መኪና አግኝቶ ወልዲያ ሄደ። ደጀንም ቁጥሩን ሳያየው ላከው።

የጭነት መኪናው ስንዴ ጭኖ ግራና የገባው ገበያ በሌለበት ቀን ነው። ሰዉ ከየመንደሩ ወርዶ አደባባዩን ሞልቶታል። ሰው እንዲህ ብዙ ሆኖ እንዲህ ዝም ሲል ደስ አይልም፤ የራበው ዝምታ ነው። ሹፌሩ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ «ከሰዓት በኋላ ዐስር ሰላት ሲሰገድ እነሳለሁ፣ ኬላው ይዘጋብኛል፣ የተረፈውን ይዤው ነው የምመለሰው» አለ። ቀጣዩ መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ደጀን ላፕቶፑን በተከፈተው የመኪናው የኋላ መዝጊያ ላይ አስቀምጦ በጃኬቱ እየከለለ ስም መጥራት ጀመረ። ዙልፋና ጋሽ ኑርሁሴን ሰው ለማሰለፍ ቆመዋል።

«ከድጃ፣ ሰባት።»

ልክ ነው። ከድጃ የሰባት ሰው ድርሻዋን በጣሳ አሰፍራ ወረደች።

«ጀብሪል፣ ሁለት።»

«ምን?» አለ ጀብሪል። «ዘጠኝ ነን እንጂ። ሰባቱን ማን በላቸው?»

«የተጻፈው ሁለት ነው። ቀጥል። አዳነ፣ ዘጠኝ።»

አዳነ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከአንዲት ፍየል ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዘጠኝ ሲባሉ ግራ ቀኙን አዩ፣ ከዚያ ጆንያቸውን ዘረጉ። ተሰፈረላቸው። ተሸክመው ወጡና አደባባዩ ላይ ካለው ሾላ ሥር ጆንያው ላይ ተቀመጡበት።

«አባ አዳነ፣ ከፍየሏ ጋር ነው ዘጠኝ የሆናችሁ?» አለ አንዱ።

«እግዜር ሲሰጥ ይቆጥራል?» አሉ፣ ንቅንቅም አላሉ።

ሳቅ የመሰለ ነገር ተነሳ፣ ግን ሳቅ አልነበረም። ቀጥለው የተጠሩት ሁለት ሰዎችም እያጉረመረሙ ያነሰ ያነሰውን ይዘው ወረዱ። ከዚያ ደጀን «ብዙነሽ» አለና ቆም አለ። «ብዙነሽ፣ ዜሮ።»

እትዬ ብዙነሽ ረጅም ሴት ናት፤ ጋቢዋን እንደ ወንድ አጣፍታ ነው የምትሄደው። ቤቷ ተቃጥሏል፣ ስድስት ሰው በአንድ የሸራ ጥግ ይዛ ነው ያለችው።

«ምንድን ነኝ አልከኝ?»

«ዜሮ። ድርሻ የለሽም ማለት ነው።»

«እኔ ዜሮ ነኝ? እዚህ ቆሜ እያየኸኝ?»

«እኔ አልጻፍኩትም» አለና ደጀን አገጩን ወደ ዙልፋ ወረወረ። «የጻፈችው እሷ ናት።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ዙልፋ ዕድሜዋን ሙሉ ያን ያህል ዓይን አርፎባት አያውቅም።

«አንቺ ልጅ» አለች ብዙነሽ። «የመርሳ ልጅ፣ ያገርሽን ሰው ዜሮ ብለሽ ጻፍሽ? ስንዴዬን ለማን ሰጠሽው? ለዘመዶችሽ ነው?»

«እትዬ ብዙነሽ፣ ወላሂ እኔ…»

«አትማይብኝ። ዜሮ። ዜሮ ያርግሽ፣ እንዳልሽኝ ያድርግሽ።»

«ሌባ ናት» አለ ጀብሪል ከኋላ። «እነዚህ ሁሉ ሌባ ናቸው። ያ የዘረፈን ሄደ ስንል በጣሳ የሚዘርፉን መጡ።» ድንጋይም አንስቶ ነበር፣ እንዲያው እጁ ላይ ይዞ ያገላብጠው ነበር እንጂ አልወረወረም።

ዙልፋ ድንጋዩን አየችው። አንድ ነገር ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ይዞራል፣ ደጀን የጠራው የቁጥር ድምፅ ነው። ሰባት። ሁለት። ዘጠኝ። ሦስት። አንድ። ዜሮ። ይኸን ዜማ ታውቀዋለች። በአፏ ያዘችው፣ ከፍና ዝቅ አድርጋ፦ «ሰባትን፣ ሁለት። ዘጠኝን፣ ሦስት። አንድን፣ ዜሮ።»

ጋሽ ኑርሁሴን ዘወር አሉ። የራሳቸው ንባብ ነዋ።

የከድጃ ቤት ሰባት፣ ሕፃኖቿ ሁለት። ሁለቱን ሕፃን ጀብሪል የቤተሰብ ብዛት ተብሎ ተቀበለ። የጀብሪል ዘጠኝ ለአዳነ ደረሰ። የብቸኛው የአዳነ ሕፃን የለሽነት ደግሞ፣ ያቺ ዜሮ፣ ወርዳ ወርዳ ብዙነሽ ላይ አረፈች።

«አልመለስከውም» አለችው ደጀንን። «ኢንተሩን አልመለስከውም።»

ደጀን ስክሪኑን አየ፣ ጃኬቱን አስተካከለ። «ሪፖርቱ ረዝሞብኝ ነበር። ረስቼው ይሆናል። አንቺስ ዓይን የለሽም? የምትጽፊውን አታዪም?»

«ዓይኔን ያጠፋው ማን ነው? አደብዝዙት ያለው ማን ነው?»

«ጣቴ ያያል ያለው ማን ነው?»

ያም የራሷ ቃል ነው።

ጋሽ ኑርሁሴን ወደ ደጀን ሄዱ። «ቃል ሰጥተኸኝ ነበር።»

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ የአንዲት ቁልፍ ነገር እኮ ነው። ተረሳ።»

«ቁልፍህን አይደለም። በእኔ እጅ ላይ የጨበጥከውን ነው የምልህ። እኔን አምና ነው እሷ ያልፈተሸችህ። ስንዴያቸውን የበላው የእኔ ሽምግልና ነው ማለት ነው።» ይኸን ብለው ከፊቱ ዘወር አሉ፣ ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ለደጀን ቃል አልተነፈሱለትም።

«ላፕቶፑን ስጠኝ፣ ላስተካክለው» አለች ዙልፋ።

«አይሆንም። የተላከው ተልኳል፣ ወልዲያም ያለው ይኸው ነው። እዚህ ሜዳ ላይ እንደፈለግሽ ስትጽፊ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ያልደረሰው በሚቀጥለው ይካካስለታል።»

«በሚቀጥለው» አለ ጀብሪል። ድንጋዩ እጁ ላይ ዞረ።

ይኸኔ አብዱልሐሊም መጡ። አብዱልሐሊም የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት እዚህ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲያዝን አብሮ የሚቀመጠው ማኅበር ነው፤ በቅሬው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። የዳኛው ሥራ የማን ቤት ስንት አፍ እንዳለ ማወቅ ነው፣ ያን የማያውቅ ቀብር አያዝም። አብዱልሐሊም ድምፃቸውን አላነሱም። ሄደው ከመኪናው የፊት ጎማ ሥር ቁጭ አሉ፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ሹፌር» አሉ፣ «ልትሄድ ስትል ቀስቅሰኝ።»

ከእሳቸው ጎን ሌላው ተቀመጠ፣ ከዚያም ሌላው። ሹፌሩ ደጀንን አየው። «ወንድም፣ ስጣት። እኔ ሰው አልረግጥም፣ እዚህም አላድርም።»

ደጀን ላፕቶፑን እንደ ትኩስ ድስት ገፋላት። «ባትሪው ቀይ ሆኗል። ቢሞት በአንቺ ነው።»

ፀሐዩ እሳት ነው፤ ደብዛዛውን ስክሪን ከላይ ያነደዋል። ብታበራው ባትሪው ወዲያው ያልቅባታል፣ ካላበራችው አታይም። በጆሮዬ እጽፋለሁ ማለት ደግሞ ዛሬ የለም። መሬት ቁጭ ብላ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሒጃቧ ልትከልለው ሞከረች፣ አልበቃም። ድንገት ጨለመባት። ብዙነሽ ጋቢዋን ከላይ ጣል አድርጋባት በሁለት እጇ ወጥራ እንደ ድንኳን ይዛዋለች።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለች ብዙነሽ ከላይ። «ዓይንሽ ያይ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ጻፊ፣ ዜሮ።»

ዙልፋ በጋቢው ሥር ሆና ዓምዱን ከላይ ወደ ታች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ጋሽ ኑርሁሴን በተቀደደ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ ይጽፋሉ። አብዱልሐሊም ከጎማው ሥር ሳይነሱ ይመሰክራሉ።

«የመጀመሪያው ስም?» አሉ አብዱልሐሊም።

«ከድጃ። ሰባትና ሁለት» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን ከካርቶኑ ላይ።

«ልክ።»

«ጀብሪል። ዘጠኝና ሦስት።»

«ልክ።»

«አዳነ። አንድና ዜሮ።»

«ልክ። አዳነ፣ ጆንያህ ላይ አትመቻች።»

ከአዳነ ቀጥለው ያሉት ሁለቱም ልክ ተባሉ። «ብዙነሽ። ስድስትና ዜሮ።»

ብዙነሽ ጋቢውን ይበልጥ ወጠረችው። «ልክ» አሉ አብዱልሐሊም። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ታች ወረደ፤ ከዳኛው ቃል ጋር የተጋጨ አንድም ቤት አልተገኘ።

አሁን መልሶ መጻፍ ነው። አጥሯን እንደገና ቀባች። ኦፕሽን ውስጥ ገብታ ኢንተሩን ወደ ቀኝ ልታደርግ አሰበችና ደጀንን በጋቢው ቀዳዳ አየችው። እጁን አጣምሮ ቆሟል። ዛሬ ብትመልሰው ነገ ያወርደዋል፤ ነገም ሌላ ሽማግሌ፣ ሌላ ቃል፣ ሌላ መጨባበጥ። ጠላችው። ከሁሉ ይልቅ ስለ ታብ ልክ መሆኑን ጠላችው።

ግራ እጇን አነሳችና ታብን መታች። ሰባት፣ ታብ። ሁለት፣ ታብ። ከርሰሩ ወደ ቀኝ ሄደ፣ አጥሩን ነካ፣ ወደ ቀጣዩ መስመር ገባ። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ብዙነሽ ከላይ ሆና ታያለች። ስሟ ላይ ሲደርስ «በግራ እጅሽ ነው የምትሰጪኝ?» አለች።

«በቀኜ ዜሮ ሰጠሁዎት» አለች ዙልፋ ቀና ሳትል። «በግራዬ ስድስት ይቀበሉ።»

ብዙነሽ ጋቢውን አልለቀቀችም።

ስንዴው አዛኑ ሳይወጣ ተራግፎ አለቀ። አዳነ ላይ ትንሽ ችግር ነበር፤ «እግዜር የሰጠውን ሰው አይነጥቅም» ብለው ጆንያውን አቅፈው ተኙበት፣ ጀብሪልም ከነጆንያው አነሳቸው። ለጀብሪልም፣ ከአዳነ ቀጥለው ለተጠሩት ለሁለቱም ጎደሎ ጎደሏቸው ተሞላላቸው። ብዙነሽ የስድስት ሰው ድርሻዋን ተሸክማ በዙልፋ አጠገብ ስታልፍ ቆመች። ምስጋና የጠበቀ ካለ ተሳስቷል።

«ስድስቴን ወስጃለሁ» አለች። «ዜሮዋን ላንቺው ትቼልሻለሁ።»

ሰዉ ሰምቷል፣ የሰማው ደግሞ መርሳ ይገበያል። ስሙ ከእሷ ቀድሞ ነው መርሳ የገባው።

ደጀን በሪፖርቱ «ስህተቱ የመረጃ አስገቢዋ ነው» ብሎ ጻፈ። ኢንተር የምትል ቃል ሪፖርቱ ውስጥ የለችም። ዙልፋ ይኸን ያየችው እዚያችው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ስክሪኑን እስከ መጨረሻው አብርታ፣ ቁጭ ብላ፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስም አላጠፋችውም። ያን ማታ ደጀን ለአለቆቹ የሚልከው ነገር በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ አደረ። ምን ሆኖ ነው ሲላት «እኔ እንጃ፣ ጣቴ አላየም» አለችው። ድርጅቱ ዕቃውን ጠቅልሎ እስኪሄድ ድረስ ከዚያ ሌላ አልተነጋገሩም። ጋሽ ኑርሁሴንም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ሲጣላ ቢያዩ መንገድ ይቀይራሉ።

መብራት ሲመለስ ዙልፋ መርሳ ላይ የራሷን ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። አሁንም ኤክሴል ትጽፋለች፣ አሁንም ፈጣን ናት፣ ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። ግራ እጇም ታብ ላይ። ትልልቅ ሰዎች ስማቸውን ሊያስጽፉ ሲመጡ ያቺን ግራ እጅ አይወዷትም። አንዷ እናት «በቀኝሽ ጻፊልኝ ልጄ» አለቻት።

«ቀኙ ቁልፍ ሰው የተናገረውን ነው የሚሰማው» አለች ዙልፋ። «ግራዋ ማንንም አትሰማም። በእሷ ይሻልዎታል።»

ብዙነሽም ለገበያ ከግራና ስትመጣ በዚያ በኩል ታልፋለች። በሩ ላይ ቆም ትላለች፣ ጋቢዋ እንደተጣፋ ነው።

«ዜሮ። አለሽ?»

«አለሁ እትዬ ብዙነሽ። ስድስቱስ ደህና ናቸው?»

«ምን አገባሽ» ትላለች ብዙነሽ፣ ትሄዳለች።